ስሕተታቸውን ያሳተሙት የትከሻ ሐኪም፦ ዶክተር ኧርነስት ኮድማን

ወታደር ጠብመንጃውን የሚያነግተው፣ ወዛደር ጆንያውን የሚያነሣው፣ ግንበኛ ድንጋዩን ከመሰላል ላይ የሚቀበለው በትከሻ ብርታት ነው። በቋንቋችንም ከባድ ኀላፊነት የተቀበለ ሰው ሲነሣ ሸክሙ በትከሻው ላይ እንደ ወደቀ ይነገራል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የሚችለው የአካል ክፍል በሕክምናው ዓለም ተገቢውን ትኵረት ያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ አንድ ሠራተኛ ወድቆ ክንዱን ማንሣት ሲሳነው፣ ሐኪሙ አጥንቱ አለመሰበሩን ካረጋገጠ በኋላ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ያሰናብተው ነበር። ሕመሙ ግን አብሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌሊት እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ቀን እንጀራውን ያሳጣዋል። ከዚህም በላይ አጥንቱ ደኅና ነው ስለ ተባለ በአሠሪው ዘንድ እንደ ሥራ ጠልና እንደ አስመሳይ ይቈጠራል።

ይህን ሁኔታ ለመለወጥ ከተነሡት ሐኪሞች መካከል ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዶክተር ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን ናቸው። ዶክተር ኮድማን በሕይወት ዘመናቸው ሁለት ታላላቅ ተግባራት ፈጽመዋል። አንደኛው፣ የትከሻ ሕመም ከጭፍን ግምት ወጥቶ በምርመራ የሚታወቅና በቀዶ ሕክምና የሚጠገን እንዲሆን መንገድ መጥረጋቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሐኪም ያከመው ሰው ከዓመት በኋላ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መርምሮ ደጉንም ክፉውንም በግልጽ ማስታወቅ አለበት የሚል እምነት ይዘው መታገላቸው ነው። የመጀመሪያው ተግባር ስም አስገኘላቸው፤ ሁለተኛው ሥራቸውንና ገቢያቸውን አሳጣቸው። ሁለቱ ግን ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸውን ከሕይወት ታሪካቸው መረዳት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ኧርነስት ኮድማን በታኅሣሥ ወር 1869 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በቦስተን ከተማ ከተደላደለ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ1891 ከሃርቫርድ ኮሌጅ፣ በ1895 ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከዚያም በአገሪቱ ከታወቁት ሆስፒታሎች አንዱ በሆነው በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ።

ገና ተማሪ ሳሉ የገጠማቸው ነገር የኋላ ሕይወታቸውን አቅጣጫ ያመለክታል። በዚያን ዘመን ለቀዶ ሕክምና የሚቀርበውን ሰው በኤተር የማደንዘዙ ተግባር ልምድ ለሌላቸው ተማሪዎች ይሰጥ ነበር። የኮድማን የትምህርት ቤት ጓደኛና በኋላ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አባት ለመባል የበቁት ሃርቬይ ኩሺንግ፣ ኤተር እንዲሰጡ ታዘው በሽተኛው በእጃቸው ላይ ሞተባቸው። ሁለቱ ወጣቶች ነገሩን እንደ ተራ አጋጣሚ አላለፉትም። ማደንዘዣን አሳምሮ የሚሰጥ ማን እንደሚሆን በአንድ እራት ተወራረዱ። ውርርዱንም ለመዳኘት ቀዶ ሕክምናው በሚካሄድበት ጊዜ ሁሉ የበሽተኛውን የልብ ትርታና አተነፋፈስ በየጊዜው እየለኩ በሠንጠረዥ ላይ ማስፈር ጀመሩ። ዛሬ በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያዘው የማደንዘዣ መዝገብ መነሻው ይህ የሁለት ተማሪዎች ውርርድ ነው።

ኮድማን በተመረቁበት በ1895 መጨረሻ ላይ ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን አገኙ። ወጣቱ ሐኪም ይህን አዲስ መሣሪያ በቦስተን ከሁሉ ቀድመው ሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች አንዱ ሆኑ። የጤነኛ መጋጠሚያዎችን የራጅ ሥዕሎችም በብዛት አዘጋጁ። የመሣሪያው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳቱም ስላሳሰባቸው በራጅ ምክንያት የደረሱ ቃጠሎዎችን ሁሉ ከየጽሑፉ አሰባስበው በ1902 ለሕትመት አበቁ። ጥቅሙን ሲያወድሱ ጉዳቱንም አብሮ መቍጠር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠባያቸው ነበር።

ትከሻ ምን ዓይነት መጋጠሚያ ነው?

የዶክተር ኮድማንን ሥራ ለመረዳት የትከሻን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ትከሻ ከሰውነታችን መጋጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰው ነው። ክንድ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሄዳል፤ ይዞራልም። ይህን ነፃነት ያገኘው ግን በጽናቱ ኪሳራ ነው። የዳሌ መጋጠሚያ በጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀበረ ሲሆን፣ የክንድ አጥንት ክብ ራስ የተቀመጠው በትንሽ ገበታ ላይ ነው። በስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ኳስ ማለት ይቻላል።

ይህ ኳስ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ከጀርባው ጠፍጣፋ አጥንት ተነሥተው የክንዱን ራስ እንደ ቆብ የሚከቡት የአራት ጡንቻዎች ጅማቶች ናቸው። ከአራቱ በላይኛው በኩል የሚያልፈው የሱፕራስፓይናተስ ጡንቻ ጅማት ክንድ ወደ ጎን ሲነሣ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ጅማቱ የሚያልፈው በክንዱ ራስና በላዩ እንደ ጣሪያ በተዘረጋው አጥንት መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ነው። ፍትጊያ እንዳይጎዳውም በጅማቱና በጣሪያው መካከል ፈሳሽ ያለበት ስስ ከረጢት ተቀምጧል።

በራጅ ሥዕል ላይ ግን አጥንት ይታያል እንጂ ጅማት አይታይም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ሲሞን ዱፕሌ በ1872 ለትከሻ ሕመም አንድ የወል ስም ከሰጡት በኋላ፣ ከአጥንት ስብራትና ከውልቃት ውጭ ያለው የትከሻ ሕመም ሁሉ በዚያ ስም ሲጠራ ኖረ። በለንደን ስሚዝ የተባሉ ሐኪም በ1834 በሬሳዎች ላይ የጅማቱን መበጠስ ገልጸው የነበረ ቢሆንም ጽሑፋቸው ልብ ሳይባል ቀርቶ ነበር።

የማይታየውን ስብራት ማግኘት

ዶክተር ኮድማን የታመሙትን ትከሻዎች በጥሞና መረመሩ። በሬሳ ላይ ጅማቶቹን አንድ በአንድ እየገለጡ አጠኑ። በ1906 ስለ ደረቁና ስለሚያሙ ትከሻዎች ባሳተሙት ጥናት የከረጢቱን ሚና አስረዱ። ቀጥለውም ትኵረታቸውን ከከረጢቱ ሥር ወዳለው ጅማት አዞሩ።

የደረሱበት ውጤት ለዘመኑ አዲስ ነበር። ከወደቀ ወይም ከባድ ነገር ድንገት ካነሣ በኋላ በትከሻው ላይ ኀይለኛ ውጋት የተሰማው፣ ሕመሙ በሌሊት የሚጠናበት፣ ክንዱን በራሱ ኀይል ወደ ጎን ማንሣት የማይችል፣ ነገር ግን ሌላ ሰው ሲያነሣለት ክንዱ ያለ ችግር የሚወጣለትና ሲለቀቅ ተመልሶ የሚወድቅበት ሰው፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የሐኪሙ ጣትና ዐይን፣ ከሁሉም በላይ በሽተኛውን ማመን ነበር።

በ1909 ዶክተር ኮድማን የተበጠሰ የሱፕራስፓይናተስ ጅማት በቀዶ ሕክምና ሰፍተው ከአጥንቱ ጋር መልሰው አያያዙ። በ1911 ደግሞ በዚህ ዘዴ የተሳኩ ሁለት ሕክምናዎችን በቦስተን የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከእሳቸው በፊት በአውሮፓ የሞከሩ ሐኪሞች ቢኖሩም፣ ምርመራውንና ጥገናውን አያይዞ በሥርዓት በማስተማር ረገድ ስማቸው በቀዳሚነት ይጠራል።

የዚህ ግኝት ተጠቃሚዎች በአብዛኛው በጉልበታቸው የሚያድሩ ሠራተኞች ነበሩ። ዶክተር ኮድማን በሥራ ላይ በሚደርስ የትከሻ አደጋ ሠራተኛውን ለረዥም ጊዜ ከሥራ ውጭ የሚያደርገው ዋነኛው ምክንያት የዚህ ጅማት መበጠስ ነው ብለው ተከራከሩ። ስለሆነም አስመሳይ ይባል የነበረው ሰው እውነተኛ ሕመምተኛ መሆኑ ተረጋገጠለት። የሕክምና ዕውቀት ለፍትሕም እንደሚያገለግል የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

የመጨረሻው ውጤት

ዶክተር ኮድማን ትከሻን ሲያክሙ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው። ሆስፒታሎች በየዓመቱ ስንት ሰው እንዳከሙና ስንት ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉ ይዘግባሉ፤ የታከመው ሰው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ክንዱን ማንሣት መቻል አለመቻሉን ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ሱቁን የሚቈልፍ ነጋዴ ያተረፈውንና የከሰረውን ያሰላል፤ ከግዳጅ የተመለሰ አዛዥም ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ጠፋ ሪፖርት ያደርጋል። ሆስፒታል ብቻ ከዚህ ሒሳብ ነፃ የሚሆንበት ምክንያት ሊታያቸው አልቻለም።

ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንዲት ካርድ ትዘጋጃለች። በካርዷ ላይ የሕመሙ ምልክት፣ ሐኪሙ የደረሰበት ውሳኔ፣ የተሰጠው ሕክምናና የገጠመው ችግር ይጻፋል። ከዓመት በኋላ ታካሚው ተፈልጎ ይመረመርና ውጤቱ ይሞላል። ውጤቱ መልካም ካልሆነ ምክንያቱ መገለጽ አለበት። ሐኪሙ ዕውቀት ወይም የእጅ ጥበብ ጐድሎት ነው? ፍርዱ ተሳስቶ ነው? ጥንቃቄ ወይም መሣሪያ ጐድሎ ነው? ሕመሙን ለይቶ ማወቅ ተስኖት ነው? ወይስ በሽተኛው ሕክምናውን እንቢ ብሎ ወይም ሕመሙ ከሰው አቅም በላይ ሆኖ? ይህን ሐሳብ የመጨረሻ ውጤት ብለው ሰየሙት።

በ1910 ለጉብኝት ወደ እንግሊዝ አገር በሄዱበት ጊዜ ከፊላዴልፊያው የቀዶ ሐኪም ከኤድዋርድ ማርቲን ጋር በፈረስ ጋሪ ሲጓዙ ሐሳባቸውን አወያዩዋቸው። ከዚህ ጭውውት የተነሣው እንቅስቃሴ በ1913 ለተቋቋመው ለአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ መሠረት ከጣሉት ነገሮች አንዱ ሆነ። የሆስፒታሎችን ደረጃ የሚያወጣውን ኮሚቴ የመምራት ኀላፊነትም ለዶክተር ኮድማን ተሰጠ።

ሌላውን ከመጠየቅ ራስን ማስቀደም ተገቢ መሆኑን ስለሚያምኑም በ1911 በቦስተን፣ በፒንክኒ ጎዳና፣ አሥራ ሁለት ያህል አልጋዎች ያሉትን የግል ሆስፒታላቸውን ከፈቱ። እስከ 1916 ድረስ ከዚያ ታክመው የወጡት ሰዎች 337 ነበሩ። ዶክተር ኮድማን በእነዚህ ሰዎች ሕክምና ላይ 123 ስሕተቶች መፈጸማቸውን ቈጥረው፣ የእያንዳንዱን ዓይነት ለይተው፣ በገዛ ገንዘባቸው አሳተሙ። በገዛ እጃቸው የፈጸሙትን ከባድ ስሕተት እንኳ አልሸሸጉም። በዚያን ዘመን ይህን ያደረገ ሌላ ሆስፒታል አልነበረም።

ሰጎኗ

እንዲህ ያለው ግልጽነት ወዳጅ አያበዛም። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች ወደ ከፍተኛ ቦታ የሚወጡት በአገልግሎት ዘመን ርዝመት እንጂ በሥራቸው ውጤት አልነበረም። ዶክተር ኮድማን ይህን አሠራር በመቃወም በ1914 ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያም ባለፉት ዓመታት ያገኙትን ውጤት በማስረጃነት አቅርበው የቀዶ ሐኪሞች አለቃ ሆነው እንዲሾሙ አመለከቱ። ያመለከቱት ሹመት ፈልገው ሳይሆን፣ ሆስፒታሉ የእሳቸውን ውጤት ከሌሎች ጋር ለማነጻጸር የሚያስችል መዝገብ እንደሌለው ለማሳየት ነበር።

ነገሩ ጣሪያ የነካው ጥር 6 ቀን 1915 ነው። በቦስተን የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የአካባቢው ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ዶክተር ኮድማን ከሁለት ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የቀልድ ሥዕል ገለጡ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሰጎን ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ፣ የወርቅ እንቁላሎቿን በእግሯ ወደ ኋላ ለሐኪሞች ስትወረውር ትታያለች። ሰጎኗ እውነቱን ለማየት ያልፈለገው የከተማዋ ባለጠጋ ኅብረተሰብ ምሳሌ ነበረች። የሆስፒታሉ ባለ ሥልጣኖችና የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በሥዕሉ ላይ ነበሩ። ሰጎኗ ዐይኗን ገልጣ የሕክምናውን ውጤት ብታይ እንቁላሏን መጣሏን ትቀጥል ይሆን እያሉ ሲጨነቁ ይታያሉ።

አዳራሹ በቁጣ ተናወጠ። ዶክተር ኮድማን ስብሰባውን ከጠራው የሐኪሞች ማኅበር ሊቀመንበርነታቸው እንዲለቁ ተደረገ። ባልደረቦቻቸው በሽተኛ መላክ አቆሙ፤ ገቢያቸውም አሽቆለቆለ። ዘዴያቸው ጨዋነት የጐደለው ነበር ያሉ ወዳጆችም አልጠፉም። ይሁን እንጂ በሥዕሉ ላይ የተነሣውን ጥያቄ በማስረጃ የመለሰ ሰው በዚያ ምሽት አልተገኘም።

የጥያቄው ክብደት የታየው ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ነው። የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ መቶና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች መርምሮ፣ ዝቅተኛውን መመዘኛ ያሟሉት 89 ብቻ ሆነው አገኛቸው። ካላሟሉት መካከል በአገሪቱ ስመ ጥር የሆኑ ሆስፒታሎች ስለ ነበሩበት የስም ዝርዝሩ ጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ ሲባል በ1919 በኒው ዮርክ በአንድ ታላቅ ሆቴል ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ። ቁጥሩ ይፋ ሆነ፤ ስሞቹ ግን ከዐመዱ ጋር ቀሩ።

ከሃሊፋክስ እስከ ጦር ሠራዊት

ታኅሣሥ 6 ቀን 1917 በካናዳ፣ በሃሊፋክስ ወደብ፣ ፈንጂ የጫነች አንዲት የፈረንሳይ መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ፈነዳች። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ ዘጠኝ ሺህ ያህል ቈሰለ። ዶክተር ኮድማን የረድኤት ቡድን ይዘው ወደዚያች ከተማ በፍጥነት ከደረሱት ሐኪሞች መካከል ነበሩ። ከዚያም የአንደኛው ዓለም ጦርነት እየተፋፋመ ስለ ነበር በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሕክምና ክፍል ተመድበው አገለገሉ። ትንሹ ሆስፒታላቸው ተዘጋ፤ ከሠራዊቱ ሲመለሱም ከዕዳ በቀር የጠበቃቸው ሀብት አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከዓላማቸው አልመለሳቸውም። በ1920 በአጥንት ላይ የሚወጣ አደገኛ ዕጢ የያዛቸውን ሰዎች ታሪክ ከመላው አገር የሚሰበስብ መዝገብ አቋቋሙ። ይህ መዝገብ የመጨረሻው ውጤት ሐሳብ በአንድ በሽታ ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሠራበት የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚካሄዱት የካንሰር መዝገቦች ከቀደምቶቻቸው እንደ አንዱ ይቈጥሩታል።

ትከሻን የሚመለከተው መጽሐፍ

ዶክተር ኮድማን ስለ ትከሻ የሠላሳ ዓመት ያህል ሥራቸውን አጠቃለው በ1934 በራሳቸው ወጪ ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱም ትከሻ የሚል ብቻ ነው። የገዛ ሕይወታቸውን ታሪክ፣ የተሸነፉባቸውን ትግሎች ሳይቀር፣ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አስገቡ።

ከመጽሐፉ ትምህርቶች አያሌዎቹ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው። ትከሻ ቀስ በቀስ ደርቆ በየትኛውም አቅጣጫ አልንቀሳቀስ የሚልበትን ሕመም የቀዘቀዘ ትከሻ ብለው የሰየሙት እሳቸው ናቸው። ሕመሙ ለመተርጐምም ለማስረዳትም ለማከምም አስቸጋሪ መሆኑን ሳይሸሽጉ፣ በጊዜ ብዛት ብዙውን ጊዜ እንደሚለቅ አስተዋሉ። የክንድ አጥንት በትከሻ በኩል ሲሰበር በአራት ክፍሎች እንደሚከፈል ያሳዩበት አከፋፈልም ከዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ኒር በ1970 ላወጡት የስብራት ምደባ መሠረት ሆኗል።

ከሁሉም ቀላሉና የሰፋው ትምህርታቸው የፔንዱለም እንቅስቃሴ ነው። ትከሻው የታመመ ሰው ከወገቡ ወደ ፊት ጐንበስ ብሎ፣ በደኅናው እጁ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ የታመመውን ክንድ ወደ ታች ያንጠለጥላል። ከዚያም ጡንቻውን ሳያስጨንቅ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። የክንዱ ክብደት ራሱ መጋጠሚያውን ስለሚያላቅቀው፣ የተሰፋው ወይም የቈሰለው ጅማት ሳይጨነቅ ትከሻው ከመድረቅ ይድናል። ገንዘብም መሣሪያም የማይጠይቀው ይህ እንቅስቃሴ ዛሬም በብዙ አገሮች ለትከሻ ሕሙማን ይታዘዛል።

ዶክተር ኮድማን ኅዳር 23 ቀን 1940 በሰባ ዓመታቸው በቆዳ ካንሰር ዐረፉ። በቦስተን አጠገብ በሚገኘው በማውንት ኦበርን መካነ መቃብር ከባለቤታቸው ቤተ ሰብ ጋር ተቀበሩ። በመቃብራቸው ላይ ግን ስማቸውን የያዘ ድንጋይ አልቆመም ነበር።

ከእሳቸው በኋላ የታየው እድገት

የትከሻ ሕክምና ከዶክተር ኮድማን ዕረፍት ወዲህ ብዙ ተጕዟል። ራጅ ያላሳየውን ጅማት ለማየት የተደረገው ጥረት አንደኛው ነው። በ1939 በስዊድን በመጋጠሚያው ውስጥ ልዩ ፈሳሽ ተወግቶ ራጅ ሲነሣ፣ ፈሳሹ ከተበጠሰው ጅማት መካከል ሾልኮ ሲወጣ ለመታየት በቃ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ በማግኔት ኀይል የሚሠራው ኤም አር አይና በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አልትራሳውንድ ጅማቱን ሳይወጉ ያሳያሉ። ኮድማን በጣታቸው ዳስሰው ያሉትን መሣሪያው በሥዕል አረጋገጠላቸው።

ሁለተኛው እድገት በቀዶ ሕክምናው ነው። ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ በ1918 የሬሳ ጕልበት ውስጥ በቀጭን መመልከቻ ማየት ከቻሉ በኋላ፣ የአገራቸው ሰው ማሳኪ ዋታናቤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሥራ የሚያመች መሣሪያ አበረከቱ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዘዴው ወደ ትከሻ ተሻገረ። ዛሬ ሐኪሙ በትከሻው ዙሪያ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ከፍቶ፣ በአንዱ ካሜራ በሌላው መሣሪያ አስገብቶ፣ ክር የተያያዘባቸውን ትናንሽ ችንካሮች በአጥንቱ ውስጥ በመትከል የተበጠሰውን ጅማት መልሶ ይሰፋል።

ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻ በተለይ ወጣት ወታደሮችንና ስፖርተኞችን የሚያስቸግር ነው። እንግሊዛዊው አርተር ባንካርት በ1923 ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በገበታው ጠርዝ ላይ ያለው ከንፈር መሰል ሥጋ መላቀቁ መሆኑን ገልጸው እሱን መልሶ የመስፋትን ዘዴ አስተማሩ። ፈረንሳዊው ሚሼል ላታርዤ ደግሞ በ1954 የገበታው አጥንት ለተሸረፈበት ሰው ከአጠገቡ ቁራጭ አጥንት ወስዶ የመትከልን ዘዴ አወጡ። ሁለቱም ተሻሽለው እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

መጋጠሚያው ፈጽሞ የተበላሸበትን ሰው በሰው ሠራሽ ትከሻ የማከም ታሪክ የሚጀምረው በፓሪስ ነው። ዡል ኤሚል ፔአን በ1893 በሳንባ ነቀርሳ ዓይነት በሽታ ትከሻው ለተበላሸበት ሰው ከፕላቲንና ከጐማ የተሠራ መጋጠሚያ አስገቡለት። ቁስሉ በማመርቀዙ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መውጣት ግድ ሆነበት። በ1950ዎቹ ኒር ሰው ሠራሽ ትከሻን አስፋፉ። በ1985 ደግሞ ፈረንሳዊው ፖል ግራሞን ነገሩን ገለበጡት። ኳሱን በገበታው በኩል፣ ገበታውን በክንዱ በኩል አደረጉት። በዚህም ጅማቶቹ ተበጥሰው ሊጠገኑ የማይችሉለት ሰው በትከሻው ትልቁ የውጭ ጡንቻ ኀይል ብቻ ክንዱን ለማንሣት በቃ። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለ ሥልጣን ይህን መሣሪያ በ2003 ፈቀደ።

ጥያቄው ሲመለስ

ከእነዚህ ሁሉ እድገቶች መካከል ግን የዶክተር ኮድማንን ስም ይበልጥ የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ኒር በ1972 የትከሻ ሕመም ምክንያት ጅማቱ ከላዩ ካለው የአጥንት ጣሪያ ጋር መፋተጉ ነው ብለው ጣሪያውን ከሥሩ መሞረድን አስተማሩ። በካሜራ መሥራት ሲቻል ይህ ቀዶ ሕክምና በብዙ አገሮች እጅግ ተዘወተረ። ታካሚዎችም ተሻለን ይሉ ነበር። የሻላቸው ግን በሞረዱ ነውን?

ብሪታንያውያን ሐኪሞች ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ ያልተበጠሰ 313 ሕሙማንን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ክፍል አጥንቱ ተሞረደ። ለሁለተኛው ካሜራ ብቻ ገብቶ ምንም ሳይነካ ወጣ። ሦስተኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ተጠበቀ። በ2018 የወጣው ውጤት የተሞረደላቸውና ምንም ያልተነካላቸው ሰዎች ሕመም የቀነሰው በተመሳሳይ መጠን መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት የፊንላንድ ሐኪሞች 210 ሰዎችን ሁለት ዓመት ተከታትለው እዚያው ድምዳሜ ላይ ደረሱ። በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያም ለእንዲህ ያሉት ሕሙማን ይህ ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግ መከረ። ይህ ማለት የተበጠሰ ጅማት መሰፋት የለበትም ማለት አይደለም። ለዘመናት በሐኪሙ እምነት ላይ ብቻ የቆመ ነገር በመጨረሻው ውጤት ተመዘነ ማለት ነው። በኖርዌይም ከ1994 ጀምሮ የሚተከል ሰው ሠራሽ ትከሻ ሁሉ በአገር አቀፍ መዝገብ ይገባል፤ የቱ እንደሚጸናና የቱ እንደሚከዳ ከዚያ ይታወቃል። የዶክተር ኮድማን ካርድ እንዲህ ሆና ዓለምን ዞረች።

ከዚህ ታሪክ ለኛም የሚጠቅም ተግባራዊ ትምህርት አለ። ወድቆ ክንዱን ማንሣት የተሳነው ሰው ራጁ ደኅና ነው ስለ ተባለ ብቻ አስመሳይ ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም፤ በተለይ አዛዦችና አሠሪዎች ይህን ልብ ሊሉ ይገባል። ትከሻው የወለቀም ሰው ወደ ወጌሻ ቢሄድ፣ ከውልቃቱ ጋር አጥንቱ ተሰብሮ ወይም ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በኀይል ከመጐተት በፊት በጤና ተቋም መመርመሩ ይሻለዋል። ወጣት ሳለ አንድ ጊዜ የወለቀ ትከሻ ደግሞ የመወለቅ ልማድ ስለሚያመጣ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ዶክተር ኮድማን ሕይወታቸው ሲያልፍ ሐሳባቸው የተሸነፈ ይመስል ነበር። በ1951 ግን በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመረምር የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ1996 ጀምሮም ይኸው ኮሚሽን የሕክምናቸውን ውጤት በመመዘን ለተሻሻሉ ድርጅቶች በኮድማን ስም ሽልማት መስጠት ጀመረ። በ2014 የሙያ ማኅበራት ተባብረው በማውንት ኦበርን ስማቸውን የያዘ ሐውልት አቆሙላቸው። ካረፉ ሰባ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።